ጣሪያ የሚያዩና ወሰን የሚያዩ

በአስጎብኚነት ሥራ የጀመርኩ ቀን የተቀበልኩት የመጀመሪያ ቃል «ደላላ!» የሚል ስድብ ነበር። የሰደበችኝ ሴት ድሬዳዋ፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ውስጥ አንድ የብረት በር ሥር ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። እኔ አሮጌ ፔጆ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ፣ ከኋላ ለተቀመጡ ባልና ሚስት እንግዶች የቤቷን ጣሪያ በጣቴ አሳያለሁ። ስለ ጣሪያው ክፈፍ፣ እንጨቱ እንደ ዳንቴል ስለመፈልፈሉ፣ ማን እንዳመጣው ሁሉ አጥንቻለሁ። ስለ ስድቡ ግን ያጠናሁት ነገር አልነበረም።

«ምን አደረግኳት?» አልኩት ሹፌሩን።

አብዲ መሪውን እንደያዘ ሳቀ። «አቦ፣ ቤቷን እየሸጥሽባት ነዋ! ፈረንጅ ከኋላ ጭነሽ፣ መኪና አቁመሽ፣ ጣትሽን ቤቷ ላይ ቀስረሽ ምን እንድትልሽ ፈለግሽ? እንኳን ደህና መጣሽ?»

እንግዶቹ ሴትየዋ ምን እንዳለች ጠየቁኝ። «ሰላም አይደለም ያለችው» ብዬ መለስኩ። ከዚያ በላይ ለመተርጎም የመጀመሪያ ቀን ድፍረት አልነበረኝም።

ከዚያ በፊት እዚያው ከዚራ በሚገኝ ሆቴል ውስጥ አንሶላ እተኩስ ነበር። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ፣ በማታው ክፍል ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ ከጎኔ የተቀመጡት ልጆች «እትዬ» ይሉኝ ነበር። ከዚያ የሆቴልና ቱሪዝም ኮርስ ወሰድኩ። ማንበብን በልጅነቱ ያገኘ ሰው መጽሐፍን እንደ ጎረቤት ያየዋል፤ እኔ ግን እንደ ዳኛ ነበር የማየው። የተጻፈ ነገር ተዛንፎ ሲነገር ስሰማ ካላረምኩት አላርፍም። ለዚህ ሥራ ይጠቅመኛል ብዬ ነበር የገባሁት።

የቢሯችን ባለቤት አቶ ሰለሞን ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ሸሚዛቸው በድሬ ሙቀት እንኳ የማይጨማደድ ሰው ነበሩ። ሥራውን ሲያስረዱኝ እንዲህ አሉ፦ «እንግዳው ወደ ሐረር ከመውጣቱ በፊት ትርፍ ሰዓት አለው። ወይም ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ጉዳይ መጥቶ ስብሰባው ተላልፎበታል። በዚያች አጭር ሰዓት ውስጥ ትንሽ አውሮፓ ታሳዪዋለሽ። ፈረንሳዮቹ ለባቡሩ ብለው የቀየሱትን ቀጥ ያለ መንገድ፣ የግሪኩን፣ የአርመኑን፣ የጣሊያኑን ቤት። ከዚያ የደቻቱን ወንዝ ታሻግሪውና መጋላን፣ የገበያውን ሰፈር፣ አሳይተሽ ትመልሽዋለሽ። ከመኪና ብዙ አታውርጂው፤ ይሞቀዋል።»

ይህን ጉዞ እኛ «ዙር» እንለዋለን። ዙር የራሱ ሥርዓት አለው። የሚወጣው ጠዋት ነው፤ ከምሳ በኋላ ድሬ በሯን ዘግታ ግማሿ ትቅማለች፣ ግማሿ ትተኛለች። አስጎብኚ ከፊት ይቀመጣል፣ እንግዳ ከኋላ ጥላው ባለበት በኩል። ሕንፃው ሳይደርስ ተናግረህ ትጨርሳለህ፤ ሲደርስ ዝም ትላለህ። ሕንፃው ፊት ቆሞ የሚለፈልፍ አስጎብኚ እንግዳው እንዳያይ ይጋርደዋል። ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም፤ አንድ እንግዳ «እባክሽ ልይበት» ብሎኝ ነው።

አውሮፓን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። የሚመጡት እንግዶች ግን «ይህ መንገድ የአያቴን ከተማ ይመስላል» ሲሉ እሰማለሁ። ባቡሩ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መድረስ ስላቃተው ከታች፣ ሜዳው ላይ፣ ለባቡሩ ሲባል የተሠራ ከተማ መሆኑን ስነግራቸው ይገረማሉ። ቢጫ ግድግዳውን፣ የእንጨት ርብራብ መስኮቱን፣ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር የሸፈነውን የዛፍ ጥላ እያዩ ፎቶ ያነሳሉ።

ነገር ግን ከዚራ ሙዚየም አይደለም። እነዚያ ቪላዎች በደርግ ጊዜ ተወርሰው የመንግሥት ሆኑ። ዛሬ የሚኖርባቸው ለመንግሥት ኪራይ የሚከፍል ተከራይ ነው። ባሏ የባቡር መካኒክ የነበረ መበለት፣ ጡረተኛ መምህር፣ ባለሱቅ፤ ልጆቻቸውን እዚያው ወልደው እዚያው የዳሩ ሰዎች ናቸው። ሰፈሩ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ወሬ አይጠፋም፤ የዱሮው ባለቤት ልጅ ከውጭ መጣ፣ አቤቱታ አስገባ፣ ተመለሰለት ይባላል። እውነቱን የሚያውቅ የለም፤ የሚጠራጠር ግን ሁሉም ነው። በሩ ላይ ፈረንጅ ይዞ የቆመ መኪና ያየ ሁሉ እንቅልፉን ያጣል።

እኔም መጠራጠር ተማርኩ። መጀመሪያ የእነሱን ጥርጣሬ ከልባቸው ለማውጣት እሞክር ነበር፤ በኋላ ግን ራሴ እንግዶቹን መመርመር ያዝኩ። ለዚያም የራሴ መለያ አበጀሁ። ጣሪያ የሚያይ ጎብኚ ነው። ወሰን የሚያይ ግን ሌላ ነገር ነው። የአጥሩን ማዕዘን፣ በሁለት ግቢ መካከል ያለውን ክፍተት፣ ከኋላ የተቀጠለውን ሰርቪስ የሚመለከት ሰው ውበት ሊያደንቅ አልመጣም።

አብዲ በዚህ ይቀልድብኝ ነበር። «መምህርት፣ ዛሬስ ምን ጭነናል? ጣሪያ ነው ወሰን?»

«ጣሪያ» ስለው ሬዲዮ ይከፍታል። «ገና አላወቅኩም» ስለው ደግሞ በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየ በቀስታ ይነዳል።

አዴ ፋጡማን ያወቅኋት ሥራ በጀመርኩ በወራት ውስጥ ነው። በየሳምንቱ በበሯ ሳልፍ አንድ ቀን መሀል መንገድ ላይ ቆማ መኪናችንን አስቆመች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሰፊ የሽቲ ቀሚስ የለበሰች አሮጊት ናት። ድሬ ውስጥ «አንቱ» መባባል ብዙም አይወደድም፤ እናት እንደማለት የሆነውን «አዴ» ካልክ ክብሩ በቂ ነው።

«አንቺ ልጅ» አለችኝ፣ «ከመንገድ ላይ እንደ ሌባ ከምትጠቁሚ ግቢና አሳዪያቸው።»

ደነገጥኩ። «እውነት ነው አዴ?»

«በረንዳው ድረስ ብቻ። ከመጋረጃው ወዲያ ማንም አይገባም። ደግሞ ድንገት አትምጪብኝ። ማዕዘኑ ላይ ስትደርሱ ክላክስ አድርጉ።»

ከዚያ ወዲህ የዙሩ ምርጥ ቦታ የአዴ በረንዳ ሆነ። ወለሉ በነጭና በጥቁር ጡብ የተነጠፈ፣ ዙሪያው የእንጨት ርብራብ ያለው፣ ንፋስ የሚያልፍበት ትልቅ በረንዳ ነው። አብዲ ማዕዘኑ ላይ ክላክስ ያደርጋል፤ ስንደርስ አዴ ብቻዋን ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እናገኛታለን። ከጓዳ ሬዲዮ በኃይል ይጮሃል። እንግዶቹ ወለሉን ያያሉ፣ እሷ እንግዶቹን ታያለች። አንድ ጊዜ ብቻዋን መሆኗ አይከብዳት እንደሆነ ጠየቅኳት። «ብቻዬን ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» አለችና ወሬውን ቀየረች።

አቶ ሰለሞን ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ቢሮ ያስቀምጡኝ ነበር። «ዛሬ የት የት ገባችሁ? የሰፈሩ ሰው እንዴት ተቀበላችሁ? ያ የማዕዘኑ ቤት ሰውየው አሁንም ታማሚ ነው? አዴ ፋጡማስ ማን አላት?» ይሉኛል። እንደ እሳቸው ለሥራ ጥራት የሚጨነቅ አለቃ አላየሁም ብዬ አስብ ነበር። የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግራቸዋለሁ። «ብቻዋን ናት ያለችኝ» አልኳቸው። ጥርጣሬዬን ሁሉ የኋላው ወንበር ላይ ጨርሼው ለቢሮ የተረፈኝ አልነበረም።

የፈራሁት ዓይነት ሰው የመጣው በአንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ጠጉሩ የሸበተ፣ ንጹሕ ለብሶ ብቻውን የመጣ ፈረንሳዊ ነው። አብዲ ድሬ ፈረንጅን ሁሉ በምትጠራበት ስም «ሙሴ» አለው፤ እኔም እንደዚያው ልጥራው። እንግሊዝኛ በደንብ ይናገራል። ካሜራ አልያዘም። ይሄን መጀመሪያ ልብ አልኩ።

ባቡር ጣቢያው ጋ ስንደርስ ቀና ብሎ አላየም። ስለ ተራራው ስነግረው «አዎ፣ አዎ» አለ፣ ቶሎ እንድጨርስ። ከዚራ ስንገባ ግን መስኮቱን አውርዶ አንገቱን አወጣ። የሚያየው ጣሪያ አልነበረም። የአንዱን ግቢ አጥር ከመንገዱ ጀምሮ እስከ ኋላው ማዕዘን በዓይኑ ተከተለው።

«እነዚህ ተከራዮች ኪራይ የሚከፍሉት ለማን ነው?» አለኝ።

«ለመንግሥት» አልኩት።

«ከመካከላቸው በግቢው የውሃ ጉድጓድ ያለው የትኛው ነው?»

በሥራዬ ዘመን ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። አብዲ እንግሊዝኛው ባይገባውም የድምፁ ነገር ገባው። በኦሮምኛ «ኩን አባ መናቲ» አለኝ፤ ይሄ የቤት ባለቤት ነው ማለቱ ነው። ድሬ ውስጥ በእንግዳ ፊት ምስጢር ማውራት አይከብድም፤ እንግዳው የሚያውቀውን ቋንቋ ትተህ ወደሚቀጥለው መሻገር ነው።

«ዝም በል፣ እርግጠኛ አይደለሁም» አልኩት በዚያው ቋንቋ።

«እኔ ግን ነኝ። ወላሂ፣ ዓይኑ ሜትር ነው!»

ሙሴ ወደፊት ጎንበስ አለ። «በረንዳ ያለው የአሮጊቷ ቤት መቼ ነው የምንደርሰው?» አለ።

ስለ አዴ ፋጡማ አንዲት ቃል አልነገርኩትም ነበር። ለአብዲ በእጄ ምልክት ሰጠሁት፤ ወደ አዴ ቤት መታጠፍ ሲገባው ቀጥ ብሎ ወደ ደቻቱ ነዳ። ሙሴ ወደ ኋላ ዞሮ የቀረውን መታጠፊያ አየ። ከተማውን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያይ ሰው አልነበረም አስተያየቱ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የሆነ ነገር ጻፈ።

ብዙ ሳይቆይ የእኔ ስልክ ጮኸ። አቶ ሰለሞን ናቸው።

«የአዴ ፋጡማን ቤት ዘለልሽው እንዴ?»

«ትንሽ ቆይቼ ልመለስበት ብዬ ነው» አልኳቸው። ይህም ሐሰት እንዳይሆን ወዲያው ልመለስበት ወሰንኩ።

«ዛሬ በረንዳው አይበቃም። ከውስጥ ይይ። አሮጊቷን እኔ በኋላ አነጋግራታለሁ።»

«ስለ ምን ነው የሚያነጋግሯት?»

«አንቺ ቤቱን አሳዪ። የቀረውን ለእኔ ተይው።»

ደቻቱ አሸዋው ደርቆ ነጭ ሆኗል። አብዲ ዳር ላይ አቆመ። ሙሴ ወንዙን እንዲያይ ብለን አወረድነውና እኔና አብዲ ከመኪናው ጀርባ ቆመን ተማከርን። ስልኩ ላይ የተባልኩትን ነገርኩት።

«በቃ ሌላ ቤት አሳዪው» አለ አብዲ። «ከዚራ ውስጥ በረንዳ የሌለው ቤት አለ? ይሄ ነው በዪውና ይሂድ።»

«ሐሰት አልናገርም።»

«ኧረ አቦ አንቺ ደግሞ! አትናገሪ። አንቺ ዝም በዪ፣ እኔ ልነዳ። ሹፌር መንገድ ይሳሳታል።»

«አንተ ድሬ ውስጥ መንገድ ተሳሳትክ ብል ማን ያምነኛል?»

«ይሄ ፈረንጅ!»

«እሱ መታጠፊያውን ከአንተ በፊት ነው ያየው።»

አብዲ ሙሴን አየው። ሙሴ የደረቀውን ወንዝ ትቶ እኛን ያያል። «ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?» አለኝ።

«አዴን ልጠይቃት። ቤቱ የሷ ነው። ትከፍትለት ከሆነ እሷ ትወስን።»

ወደ አዴ መንደር ተመለስን። መኪናውን ከማዕዘኑ ወዲህ አስቆምኩና ሙሴን ከአብዲ ጋር እንዲጠብቀኝ ነገርኩት። ክላክስ እንዳታደርግ አልኩት አብዲን። እንግዳ ይዤ የመጣሁ እንዳይመስላትና ለብቻዋ እንዳነጋግራት ብዬ ነው። ከዚያ በእግሬ ሄጄ የግቢውን በር ገፋ አደረግኩ።

በረንዳው ሞልቶ ነበር። አንዲት የእኔ እድሜ ያላት ሴት ሕፃን ታቅፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። አንድ ሰው ከነካኒቴራው የስፌት መኪና ላይ አጎንብሷል። ሁለት ሴት ልጆች ምንጣፍ ላይ ደብተር ዘርግተው ይጨቃጨቃሉ። ርብራቡ ላይ ልብስ ተሰጥቷል። አዴ ፋጡማ መካከላቸው ተቀምጣ ሩዝ ትለቅማለች።

እኔን ሲያዩ ሁሉም ባሉበት ደረቁ። የስፌት መኪናው ቆመ። ሴት ልጆቹ ወደ መጋረጃው ሮጡ።

አዴ ቀና አለች። «ክላክሱ የት ሄደ?» አለችኝ።

«እነዚህ እነማን ናቸው?» አልኩ።

«ልጄ ናት። ባሏ ነው። ልጆቿ ናቸው። ማን መሰሉሽ?»

«ብቻዬን ነኝ ብለሽኝ ነበርኮ አዴ።»

«ብዬሻለሁ። ሬዲዮውንም ለዚያ ነው የምከፍተው።» ሰፌዱን ከጭኗ አወረደች። «በረንዳዬን የከፈትኩልሽ ስለማምንሽ መስሎሻል? ማንን ይዘሽ እንደምትዞሪ ለማወቅ ነው። በመኪና የሚያልፍ ሰው ፊቱ አይታይም። ወንበሬ ላይ ከተቀመጠ ግን ይታያል።»

ያን ሁሉ ጊዜ እኔ እንግዶችን እመረምራለሁ ስል እሷ እኔን ስትመረምር ኖራለች። ቅር ለመሰኘት ጊዜ አልነበረኝም። ማዕዘኑ ላይ ስላለው ሰው፣ ስለ ጉድጓዱ ጥያቄ፣ ስለ አቶ ሰለሞን ስልክ ነገርኳት። አለቃዬ ስለሷ ሲጠይቁኝ ብቻዋን ናት ብዬ እንደመለስኩም አልደበቅኳትም።

ልጇ ከሕፃኑ ጋር ተነሳች። «አየሽ እማ? አየሽ? አላልኩሽም? ይህቺ ሴትዮ መዘዝ ናት አላልኩሽም?»

«ዝም በይ ረውዳ። ብቻዬን ነኝ ያልኩት እኔ ነኝ።» አዴ ወደ እኔ ዞረች። «እነሱ ተከራይተው የነበረበት ቤት ፈርሶ ነው ወደ እኔ የመጡት። ቀበሌ ቢሰማ አከራይታለች ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ጎረቤት ቢያይ ይጠቁማል ብዬ ፈራሁ። ሰው በመጣ ቁጥር ጓዳ ስከታቸው ኖርኩ። አሁን አስቢው። ማንም የሌላት አሮጊት፣ ይህን የሚያህል ቤት። እኔስ ብሆን እመኘው የለ?»

አማቿ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። «እንግባ ወይ አዴ? ሬዲዮውን ልክፈት?»

«የለም። ሬዲዮውን ተወው። ሁላችሁም እዚሁ ተቀመጡ፣ ልጆቹንም ጥሩ። አንቺ ሂጂና አምጪው።»

ሙሴ ከአብዲ ጋር በሩን አልፎ ሲገባ ደረጃው ሥር ቆመ። እንደኔው ነበር የደነገጠው። አንድ በአንድ አያቸው። አዴ «ቦንዡር ሙሴ» አለችው፤ የባቡር ሰፈር አሮጊቶች ሁሉ ይህን ያህል ያውቃሉ። ከዚያ ወደ አማርኛ ተመልሳ «እንዳለ አድርሺልኝ፣ እንዳታሳምሪው» አለችኝ።

«ቤቱ ያንተ ነው?»

«የአባቴ ነበር» አለ።

«ልትወስደው ነው የመጣኸው?»

እሱ እኔን አየኝ፣ ጥያቄው የእኔ ይመስል። ደግሜ ተረጎምኩለት። መልሱን ሲናገር ቀስ ይል ነበር፤ እኔም ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር አደረስኩ።

«እዚህ አንዲት አሮጊት ብቻዋን እንደምትኖር ተነገረኝ። ወራሽ የላትም፣ ቤቱ ከብዷታል፣ ሌላ ቦታ ትንሽ ክፍል ካገኘች ቁልፉን በፈቃዷ ታስረክባለች፣ ባዶ ቤት ደግሞ ከመንግሥት ማስመለስ ይቀላል ተባልኩ። ተጠይቃ ተስማምታለች ተባልኩ። አይቼው ልወስን ነው የመጣሁት።»

«ማን ነው የነገረህ?»

«ይህቺ ሴት የምትሠራበት ቢሮ።»

ይህንንም ተረጎምኩ። በአማርኛ ስናገረው በረንዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ አብዲ ሳይቀር። «ይህቺ ሴት» የሚለውን ወደ «እኔ» ቀይሬ «እኔ የምሠራበት ቢሮ» ነበር ያልኩት። ያኔ ነው የአቶ ሰለሞን ጥያቄዎች ተራ በተራ የተመለሱልኝ፤ የማዕዘኑ ሰውዬ አሁንም ታማሚ ነው ወይ ማለታቸውም።

አዴ ሰውየውን እያየች ለእኔ ተናገረች። «በዪው፦ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እንቢ ለማለት እንኳ ዕድል አልሰጡኝም። ዛሬ ስለጠየቅከኝ ልመልስልህ። እንቢ።»

ተረጎምኩለት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጉድጓዱን ማየት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ፤ አባቱ ብዙ ጊዜ ያወራለት እንደነበር አስረዳ።

«ጉድጓዱ ተደፍኗል፣ ልጆች እንዳይገቡበት» አለች አዴ። «ሄዶ ይይ። አብዲ፣ አብረኸው ሂድ። ብቻውን እንዳይዞር።»

አብዲ እጆቹን ከኋላ አጣምሮ እንደ ወታደር ተከተለው። ሲመለሱ ሙሴ ለአዴ አጎንብሶ አመሰገነ። አዴም በጨዋ ደንብ ሸኘችው፤ ሻይ ግን አላዘዘችለትም። ወደ ሆቴሉ መለስነው። ጥሩ ሰው ይሁን መጥፎ እስከዛሬ አላውቅም። ለአባቱ ቤት የመጣ ሰው መሆኑን ብቻ ነው የማውቀው።

በማግሥቱ አቶ ሰለሞን ገና ከበር ስገባ ጠሩኝ።

«እንግዳዬን አበላሸሽብኝ» አሉ።

«የጠየቀውን ቤት አሳይቼዋለሁ። ከውስጥም።»

«ያ ሁሉ ሕዝብ ከየት መጣ? ብቻዋን ናት አላልሽኝም?»

«የነገረችኝን ነው የነገርኩዎት። ለምን እንደሚጠይቁኝ ግን አልነገሩኝም ነበር።»

«አንቺ አስጎብኚ ነሽ ወይስ የቀበሌ ቤት ጠበቃ?»

«አስጎብኚ ነኝ። ለደላላ ሥራ አልተቀጠርኩም።»

«ማነው ደላላ?» ብለው ተነሱ። መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። መታወቂያ ባጄንና የቢሮውን ጃንጥላ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። አብዲም ፔጆዋ የራሱ ስለሆነች በዚያው ሳምንት ከቢሮው ጋር የነበረውን ውል ተወ። «እኔ ሰው እንጂ ወሬ አልጭንም» ብሏቸዋል አሉ።

በዚያው ሰሞን አዴ ልጇንና የልጅ ልጆቿን ይዛ ቀበሌ ሄደች። እኔንም ጠራችኝ፤ አመነችኝ ብዬ ግን አላስብም፣ ምናልባት አጠገቧ እንድሆን ፈልጋ ይሆናል። አብረዋት እንደሚኖሩ ልታስመዘግብ ነው። ወጣቱ መዝጋቢ ልጆቹን አይቶ «እነዚህ ሁሉ እስከዛሬ የት ነበሩ?» አላት።

«ጓዳ» አለችው አዴ።

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። መዝጋቢው ግን አልሳቀም፤ ምስክር አምጪ አላት። ከሰልፉ ውስጥ ሁለት ጎረቤቶች «እኛ እንመሰክራለን፣ ልጆቹን ስናውቃቸው ኖረናል» ብለው ወጡ። አዴ በድንጋጤ አየቻቸው። ከእነሱ ነበር ያን ያህል ጊዜ የደበቀቻቸው።

ሙሴ አልተመለሰም። አቤቱታ አስገብቶ እንደሆነም የሰማሁት የለም። አዴ አሁንም እዚያው ቤት ናት፤ የቤቱ ነገር አልቋል ግን አልልም። ከዚራ ውስጥ የቤት ነገር አያልቅም። የተለወጠው ይህ ነው፦ ቁልፍ የሚጠይቅ ቢመጣ ከአንዲት አሮጊት ጋር ሳይሆን ከሙሉ ቤተሰብ ጋር ይነጋገራል።

እኔና አብዲ ዛሬም ዙር እናወጣለን፤ አነስ ያለ፣ በራሳችን። ጣቴን ከመስኮት አላወጣም። እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ጠዋት በእግሬ ሄጄ በየበሩ አስፈቅዳለሁ። የሚፈቅዱ አሉ፣ በሩን ፊቴ ላይ የሚዘጉም አሉ። እነዚያን ሳልጠቅስ አልፋለሁ። እንግዳው «እዚህ ማን ይኖራል?» ካለኝ «ሰው ይኖራል» እለዋለሁ። አንዳንዱ ቅር ይለዋል። ማስታወቂያም ስለሌለን ብዙ ሥራ አናገኝም።

ወደዚህ ሥራ የሚገቡ ወጣቶች አንዳንድ ጊዜ ምክር ይጠይቁኛል። የምላቸው አንድ ነገር ነው። ስለ ሕንፃው የምታውቁትን ሁሉ ተናገሩ፤ ውስጡ ስለሚኖረው ሰው ግን ለእንግዳም ለአለቃም አትናገሩ።